የታችኛው ሊግ ተጫዋች እንዴት ይኖራል? አንባቢያን ጠይቀዋል

ባለፈው እትም ስለ ኤፍ ኤ ካፕ፣ ስለ እንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። ጥያቄ ከመጣ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። የመጣው ግን ስለ ትንንሾቹ ክለቦች ነው። እነማን ናቸው፣ ስንት ያገኛሉ፣ ልጃችን እዚያ መግባት ይችላል ወይ የሚል። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ስለ እነዚህ ሰዎች ማውራት ከጀመርኩ ማቆም ይከብደኛል። አምስቱን መርጬ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አራት ኪሎ ነው። ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤቲንግ ትኬት ሲቆርጡ ግሪምስቢ፣ ክሩ፣ አክሪንግተን የሚባሉ ስሞች አያለሁ። ጨዋታቸውን ግን ከመካከላችን አይቶ የሚያውቅ የለም። እነዚህ ተጫዋቾች የእውነት ሥራቸው ኳስ ብቻ ነው? ወይስ ቀን ቀን ሌላ ነገር ይሠራሉ?»
ከአራት ኪሎ

ሥራቸው ኳስ ነው። ሌላ የላቸውም።

ከፕሪሚየር ሊጉ 20 ክለቦች በታች ሦስት እርከን አለ። ቻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋን፣ ሊግ ቱ። በእያንዳንዱ 24 ክለብ፣ ሲደመር 72። አንተ ትኬቱ ላይ የምታያቸው ከእነዚህ ናቸው። ተጫዋቾቹ ጠዋት ልምምድ ይገባሉ፣ ደመወዝ ይበላሉ፣ ግብር ይከፍላሉ። ቀን ሌላ ሥራ ውሎ ማታ የሚለማመድ ተጫዋች የሚበዛው አምስተኛውን እርከን፣ ናሽናል ሊግን፣ አልፈህ ወደ ታች ስትወርድ ነው።

ታዲያ ኳስ ብቻ ይሠራሉ ማለት ሀብታም ናቸው ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ2020 ኮሮና የክለቦቹን ካዝና ባዶ ሲያደርገው፣ የሊግ ቱ ክለቦች ለቡድኑ በሙሉ በዓመት ከ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደመወዝ እንዳይወጣ ጣሪያ አበጁ። የሊግ ዋኑ 2.5 ሚሊዮን ነበር። የተጫዋቾቹ ማኅበር ተከራክሮ በ2021 አስነሳው። ቁጥሩ ግን ብዙ ነገር ያሳያል። 1.5 ሚሊዮኑን ለ22 ሰው እኩል አካፍለው። ለአንዱ በዓመት 68 ሺህ ፓውንድ ገደማ ይደርሰዋል፣ ያውም ግብር ሳይነሳለት። እኩል ደግሞ አይካፈልም። ጎል የሚያገባው አጥቂ ትልቁን ይወስዳል፣ የ19 ዓመቱ ልጅ የተረፈውን። በብር ስትመነዝረው ዓይን ይሞላል። እዚያ ግን በፓውንድ ነው የሚከራየውም የሚበላውም፣ ገቢውም 35 ዓመት አካባቢ ሲደርስ ይቆማል።

ለእኔ ከደመወዙ የሚከብደኝ የውሉ ነገር ነው። ብዙዎቹ የሚፈርሙት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። በሜይ ወር ክለቡ የሚቆዩትንና የሚሰናበቱትን ዝርዝር ያወጣል፣ በጁን መጨረሻ ውሉ ያልቃል። እስቲ አስበው፣ ሚስት ያለው፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባ፣ የቤት ብድር የሚከፍል የ31 ዓመት ሰው በየዓመቱ እንደ ማትሪክ ተፈታኝ ስሙ በየትኛው ዝርዝር ላይ እንዳለ ይጠብቃል። ስሙ ከሚሰናበቱት ጋር ከወጣ ስልክ መጠበቅ ይጀምራል። ስልኩ ሲመጣ ደግሞ ከሌላ ከተማ ነው፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ።

አደባዮ አኪንፌንዋን ብዙዎቻችሁ በግዙፍ ሰውነቱ ታውቁታላችሁ። በ2016 በዌምብሌይ ለኤኤፍሲ ዊምብልደን የፍፁም ቅጣት ምት አስቆጠረ፣ ቡድኑም ወደ ሊግ ዋን አደገ። ጨዋታው እንዳለቀ፣ ገና ላቡ ሳይደርቅ፣ በቴሌቪዥን ሥራ እንደሌለው ተናገረ። የሚፈልገኝ አሰልጣኝ ካለ በዋትስአፕ ይጻፍልኝ አለ። ብዙ ሰው ስቋል። እኔ ግን ያቺን ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። ሰውየው በሕይወቱ ትልቁን ቀን እያከበረ ሥራ እየፈለገ ነበር። ደግነቱ ዋይኮምብ ወሰደው፣ እዚያ ቆይቶ በ2022 በ40 ዓመቱ ጫማ ሰቀለ።

ጨዋታውም ብዙ ነው። በሊጉ ብቻ 46፣ ዋንጫዎቹ ሳይቆጠሩ። ቅዳሜ ተጫውቶ ማክሰኞ ማታ እንደገና። ካርላይል ሰሜን ጫፍ ነው፣ ፕሊማውዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ። በመካከላቸው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚወስደው መንገድ ይረዝማል። ማክሰኞ ማታ እዚያ ተሸንፈህ በአውቶቡስ ሌሊቱን ስትመለስ አስበው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ይህቺን ስሰማ ራሴም ደንቆኛል። ቅዳሜ በእኛ 11 ሰዓት ወይም 12 ሰዓት ላይ፣ እንደ ወቅቱ፣ ስታዲየም ዙሪያ ያሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች ይሞላሉ አይደል? እነዚያን የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች እንግሊዝ አገር ያለ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በቀጥታ ማየት አይችልም። በዚያ ሰዓት ማስተላለፍ ክልክል ነው። ምክንያቱ ደግሞ እነ ግሪምስቢ ናቸው። ሰው ማንቸስተርን በቴሌቪዥን እያየ ቤቱ እንዳይቀር፣ የሰፈሩን ክለብ ሄዶ እንዲያይ፣ ትኬት እንዲገዛ። በዚያ የትኬት ገንዘብ ነው ደመወዝ የሚከፈለው። እኔ ይህን ሕግ በጣም ነው የምወደው።

«ለአዘጋጁ። ቤታችን ፒያሳ ነበር፣ አሁን ሰፈሩ ፈርሶ ወጥተናል፣ ሥራዬ ግን እዚያው አካባቢ ነው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ጃን ሜዳ ፕሮጀክት ይሠለጥናል፣ ጎበዝ ነው ይሉኛል። አንድ ሰው ‹ትልልቆቹ ክለቦች ከባድ ናቸው፣ ሊግ ቱ ግን ቀላል ነው፣ እዚያ የሙከራ ዕድል አስገኝለታለሁ› ብሎ ለፕሮሰስ ገንዘብ ጠየቀኝ። ዕቁብ ሊደርሰኝ ነው። ልስጠው?»
እናት፣ ከፒያሳ

እናቴ፣ እባክዎ አይስጡት።

ከዕድሜው ልጀምር። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር ተዘዋውሮ ክለብ እንዳይገባ ይከለክላል። የተፈቀዱ ጥቂት ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ወደዚያ አገር ከሄዱ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ ክለቦቿ የፈረንሳይን ወይም የስፔንን የ16 ዓመት ልጅ እንኳ ማስፈረም አይችሉም። የእርስዎ ልጅ 15 ነው። ሰውየው ሌላ ምንም ሳይጨምር እዚህ ላይ ውሸቱን ነው።

ሁለተኛው የሥራ ፈቃድ ነው። 18 ሲሞላውም የውጭ ተጫዋች እንግሊዝ የሚገባው በነጥብ ነው። ለብሔራዊ ቡድን ምን ያህል ተጫወተ፣ አገሩ በፊፋ ደረጃ ስንተኛ ነው፣ የሚጫወትበት ሊግ ምን ያህል ጠንካራ ነው እየተባለ ይቆጠራል። በብሔራዊ ቡድን ነጥብ የሚያገኙት እስከ 50ኛ ደረጃ ያሉ አገሮች ተጫዋቾች ናቸው። እኛ ደግሞ ከ50ኛ በጣም ሩቅ ነን። በ2023 ነጥቡን ላላሟሉ ተጫዋቾች ትንሽ በር ተከፍቷል፣ ለአንድ የሊግ ቱ ክለብ ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው። ሁለት! ያቺን ቦታ በዓይናቸው አይተውት ለማያውቁት ልጅ አይሰጡም። ስለዚህ ለውጭ ሰው ትንሹ ክለብ ቀላል አይደለም። ለፈቃዱ የሚያወጣው ገንዘብም፣ አፍሪካ ድረስ የሚልከው ተጫዋች መልማይም የለውም፣ በሩ ስር ደግሞ የራሱ አገር ልጆች ተሰልፈዋል።

እነዚያ ልጆች እነማን እንደሆኑ ልንገርዎት። እንግሊዛዊው ልጅ ስምንት ዘጠኝ ዓመቱ ላይ አካዳሚ ይገባል። በ16 ዓመቱ ከተመረጠ የሁለት ዓመት ሥልጠና ይሰጠዋል፣ ከትምህርት ጋር። በ18 ዓመቱ አሰልጣኙ ቢሮ ይጠራውና ወይ ትፈርማለህ፣ ወይ ትሄዳለህ ይለዋል። አብዛኞቹ ይሄዳሉ። አሥር ዓመት ሙሉ እናቱ በመኪና ልምምድ ስታመላልሰው የኖረችውን ልጅ ማለቴ ነው። ሊግ ቱ ላይ የምናያቸው ከዚህ ሁሉ ወንፊት ያለፉት ናቸው፣ ከትልቁ አካዳሚ ተባርረው ከታች እንደገና የጀመሩም ብዙ ናቸው። በየሰፈራቸው አንደኛ የነበሩ ልጆች ናቸው።

የእኛ ልጅ ደርሶ አያውቅም አልልዎትም። ጌዲዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ነው የተወለደው፣ አርሰናል ገብቶ በ2014 በኤፍ ኤ ካፕ በኮቨንትሪ ላይ ተሰልፏል። እሱ ግን በርሊን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ነው። ከጃን ሜዳ ተነሥቶ አይደለም የሄደው።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ይያዙልኝ። እውነተኛ ወኪል የፊፋ ፈቃድ አለው፣ ስሙ ፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ፈቃድ ያለው ወኪል ገንዘቡን የሚያገኘው ተጫዋቹ ከፈረመ በኋላ ነው። እውነተኛ ክለብም ሙከራ የጠራውን ልጅ አያስከፍልም። ሜክሲኮ አካባቢ የማውቀው አንድ ቤተሰብ እንዲህ ላለ ሰው ከፍሎ ሁለት ዓመት ስልክ ሲደውል ኖሯል። ልጁ እልህ ይዞት ኳሱንም ትምህርቱንም ተወ። እስካሁን ያንገበግበኛል። የእርስዎን ልጅ ፕሮጀክቱ ላይ ያቆዩት፣ ትምህርቱንም እንዳይለቅ። ዕቁቡ ሲደርስዎት ጥሩ ጫማ ይግዙለት።

«26 ዓመቴ ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ሊግ፣ ሁለተኛው እርከን ላይ ነው የምጫወተው፣ እረፍት ሲሆን ካዛንቺስ ወንድሜ ጋ ነኝ። ክለባችን ሦስት ወር ደመወዝ አልከፈለንም። እንግሊዝ ቢሆን እንዲህ ይደረግ ነበር? ደግሞስ በ26 ዓመት ከታች ተነሥቶ ትልቅ ቦታ የደረሰ ሰው አለ ወይስ አበቃልኝ?»
ከካዛንቺስ

ወንድሜ፣ ይደረጋል። እንግሊዝም ተደርጓል። ቤሪ የሚባል ክለብ ነበር፣ በ1885 የተመሠረተ፣ ኤፍ ኤ ካፕን በ1900 እና በ1903 የበላ። በ2018/19 የውድድር ዓመት ተጫዋቾቹ ደመወዝ እየቀረባቸው ተጫወቱ። ተጫውተውም ወደ ሊግ ዋን አደጉ! ደመወዝ ሳይከፈለው አገር አቋርጦ ሄዶ አሸንፎ የሚመለስ ቡድን አስበው። በዚያው ክረምት፣ ኦገስት 2019፣ ክለቡ ገንዘብ እንዳለው ማሳየት ስላልቻለ ከሊጉ ተባረረ። ያደጉበትን ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይጫወቱበት። ተጫዋቾቹ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት ክለብ ፍለጋ ተበተኑ።

ልዩነቱ እነሱ ጠንካራ ማኅበር አላቸው። በ1907 የተቋቋመ ነው። ድሮ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ተጫዋች፣ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ሕግ ነበር። ይህን ሕግ በ1961 ያስነሣው ማኅበሩ ነው፣ ሥራ እናቆማለን ብለው አስፈራርተው። እናንተም ለየብቻ አታልቅሱ። ውላችሁን ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ፣ የቀረባችሁን ወር በጽሑፍ ጠይቁ፣ አብራችሁ ፈርሙበት። አንድ ተጫዋች ብቻውን ሲናገር ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሃያ ተጫዋች ሲናገር ግን ይሰማል።

ስለ ዕድሜህ። ጄሚ ቫርዲን ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ አሰናበተው። ስቶክስብሪጅ በምትባል ትንሽ ክለብ፣ በስምንተኛው እርከን፣ በሳምንት 30 ፓውንድ እየተከፈለው ተጫወተ። ቀን ቀን ፋብሪካ ውስጥ የሕክምና መደገፊያዎች ይሠራ ነበር። ሌስተር በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛው 25 ዓመቱ ነበር። ፕሪሚየር ሊግ ላይ የተሰለፈው በ27፣ ዋንጫውን ያነሣው በ29። ሪኪ ላምበርት ደግሞ ብላክፑል ሲያሰናብተው ቀይ ሥር በጠርሙስ የሚያሽግ ፋብሪካ ገባ። ከዚያ ማክልስፊልድ፣ ስቶክፖርት፣ ሮችዴል፣ ብሪስቶል ሮቨርስ እያለ ዓመታት ታችኛው ሊግ ላይ ከረመ። በ2013 በ31 ዓመቱ ለእንግሊዝ ተሰለፈ፣ ስኮትላንድ ላይ ገና በመጀመሪያ ንክኪው አገባ።

ግን አልዋሽህም። እነዚህ የሚታወቁት ስለተለዩ ነው። ከእነሱ ጋር አብረው ይጫወቱ የነበሩት መቶዎች እዚያው ቀሩ፣ ስማቸውንም እኔና አንተ አናውቅም። እኔ አንተን ከቫርዲ ይልቅ ከቶኒ ፎርድ ጋር ባስተዋውቅህ ደስ ይለኛል። በ1975 በ16 ዓመቱ ለግሪምስቢ ጀመረ፣ በ2001 በሮችዴል አቆመ። በእንግሊዝ ሊግ 931 ጨዋታ፣ ከበረኞች በቀር ማንም ያልደረሰበት። በእንግሊዝ አንደኛው እርከን አንድም ቀን አልተጫወተም። ሃያ ስድስት ዓመት ግን ቤተሰቡን በኳስ አስተዳደረ። 26 ዓመትህ ነው ወንድሜ፣ ሰውነትህን ከጠበቅክ ብዙ ዓመት አለህ። ጎን ለጎን ግን አሁኑኑ የአሰልጣኝነት ኮርስ ጀምር፣ እስክታቆም አትጠብቅ።

«የእንግሊዝ ታችኛው ሊግ ተጫዋቾች በራሳቸው ጨዋታ ቤቲንግ ይቆርጣሉ የሚባለው እውነት ነው?»
ከለገሃር

ክልክል ነው። ከ2014 ጀምሮ እስከ ስምንተኛው እርከን ያለ ተጫዋች በየትኛውም ዓለም ባለ የኳስ ጨዋታ መወራረድ አይችልም። የራሱን ጨዋታ ተወውና የእኛን ሸገር ደርቢ እንኳ መቁረጥ አይችልም። የጣሱ አሉ፣ ለወራት ታግደዋል። የአንድ ዓመት ውል ላለው ሰው ለወራት መታገድ ማለት እንጀራው ተቆረጠ ማለት ነው።

«ኳስ ሲያቆሙ የት ይሄዳሉ? ሚሊዮን ያላጠራቀመ ተጫዋች ምን ይበላል?»
ከሜክሲኮ አደባባይ

አሰልጣኝ የሚሆን አለ፣ ፊዚዮቴራፒ የሚማር አለ፣ ማኅበሩ ለትምህርት ይደግፋቸዋል። ቧንቧ ሠራተኛ የሆነ አለ፣ አስተማሪ የሆነ አለ። ዝርዝሩን ትቼ የአንድ ሰው ልንገርህ።

ሜይ 8፣ 1999። የሊግ ቱ ስም ያኔ ሌላ ነበር፣ እርከኑ ግን ያው አራተኛው ነው። ካርላይል በሜዳው ፕሊማውዝን ይገጥማል። ካላሸነፈ ከሊጉ ይወርዳል፣ ከ70 ዓመት በላይ የኖረበትን ሊግ ይለቃል። በረኛ የለውም። የራሱን ሸጦታል፣ በውሰት ያመጣውንም ባለቤቱ ክለብ ጠርቶታል። ስለዚህ በልዩ ፈቃድ ጂሚ ግላስ የሚባል በረኛ ከስዊንደን ተዋሰ። ጨዋታው 1 ለ 1 ነው። መደበኛው ሰዓት አለቀ። ተፎካካሪያቸው ስካርቦሮ ሌላ ሜዳ ላይ ጨዋታውን ጨርሶ፣ ተርፈናል ብለው ደጋፊዎቹ መጨፈር ጀምረዋል። በባከነ ሰዓት ካርላይል የማዕዘን ምት አገኘ። ግላስ ግቡን ባዶ ትቶ ሮጠ። ኳሷ በጭንቅላት ተመታች፣ የፕሊማውዙ በረኛ መለሳት፣ የተመለሰችው እግሩ ሥር ወደቀች። መታት። ገባች። ደጋፊው ሜዳውን ወረረው። ስካርቦሮ ወረደ፣ ካርላይል ተረፈ።

ግላስ ለካርላይል የተጫወተው ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው። ውሰቱ አለቀና ተመለሰ። ያቺ ጎል ትልቅ ውል አላመጣችለትም። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ፣ ኳስ አቆመ። ሌላ ሌላ ሥራ ሞከረ፣ ታክሲም ነዳ። የተሳፈሩት ሰዎች ስንቶቹ አውቀውት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

በኋላ በርንማውዝ ክለብ ቀጠረው። አዲስ ተጫዋች ሲመጣ ቤት ያፈላልግለት፣ ከተማውን ያሳየው፣ የጎደለውን ያሟላለት ነበር።